ማሟያ ወይስ መሸፈኛ? ስለ አሳማ ግልገሎች መኖ በሚጻፉ ጥናቶች ላይ የቀረበ አጭር ሒስ

ስለ እንስሳት አመጋገብ የሚታተሙትን ጽሑፎች የሚከታተል ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በአሳማ ግልገሎች መኖ ላይ ስለሚጨመሩ ነገሮች የሚጻፈው ጥናት እጅግ ብዙ ነው። እርሾ፥ ልዩ ልዩ አሲዶች፥ የደረቀ የደም ፕላዝማ፥ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች፥ ከዕፀዋት የወጡ ዘይቶች በየተራ ይመረመራሉ። መደምደሚያው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም የተጨመረው ነገር እድገትን ያፋጥናል፥ በሽታን የመቋቋም ኀይልንም ያጠነክራል የሚል ነው። እኛ የተመራማሪዎቹን ትጋት አንነቅፍም። የምንነቅፈው የጎደለውን የሚሞላውንና የአረባብ ጉድለትን የሚሸፍነውን በአንድ ስም «ማሟያ» ብሎ መጥራትን ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የግልገሉን ተፈጥሮ እንመልከት። የአሳማ የእንግዴ ልጅ በሽታን የሚመክቱትን ፀረ እንግዳ አካላት ከእናቲቱ ደም ወደ ጽንሱ አያሳልፍም። ስለዚህ ግልገሉ ሲወለድ ይህ መከላከያ የለውም፤ የሚያገኘው ከእንገር ነው። አንጀቱም እነዚህን አካላት ሳይፈጭ ወደ ደም የሚያሳልፈው ከተወለደ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል። የራሱ መከላከያ ደግሞ የሚገነባው በሚቀጥሉት ሳምንታት ቀስ በቀስ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን እንገር ያልጠገበውን ግልገል በአራተኛው ሳምንት በዱቄት እናድነው ማለት፥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ስለ እውነተኛ ማሟያ አስረጅ የሚሆነን ብረት ነው። ግልገሉ ሲወለድ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ብረት 50 ሚሊግራም ያህል ነው። በየቀኑ 7 ሚሊግራም ገደማ ያስፈልገዋል፤ የእናቱ ወተት የሚሰጠው ግን 1 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። በሜዳ የሚያድግ ግልገል አፈር እየቆፈረ ጉድለቱን ይሞላል፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ የሚያድገው ግን ደም ማነስ ይይዘዋል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ መክጎዋንና ክራይተን የተባሉ ተመራማሪዎች በስኮትላንድ የዚህ በሽታ ምክንያት የብረት እጥረት መሆኑን አሳዩ። ዛሬ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት 200 ሚሊግራም ያህል ብረት በመርፌ ይሰጠዋል። በእርግጥ የሲሚንቶውን ወለል የሠራው ሰው ነው፤ ቢሆንም ጉድለቱ ታወቀ፥ ተለካ፥ በልኩም ተሞላ።

ከዚህ ጋር ዚንክ ኦክሳይድን እናወዳድር። በተፈጥሮው ሁኔታ ግልገሉ ጡት የሚጥለው ቀስ በቀስ፥ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው። በዘመናዊ እርባታ ግን ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት በአንድ ቀን ከእናቱ ይለያል፤ ከማያውቃቸው ግልገሎች ጋር ይቀላቀላል፤ ከወተት ወደ እህል ይዛወራል። ስለዚህ መብላት ያቆማል፥ አንጀቱ ይጎዳል፥ ተቅማጥም ይይዘዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዴንማርክ የተደረገው ምርምር ብዙ ዚንክ ኦክሳይድ በመኖ ሲጨመር ተቅማጡ እንደሚቀንስ አሳየ፤ ውጤቱም በሌሎች አገሮች ተደግሞ ታየ። የሚሰጠው መጠን ግን በአንድ ኪሎ ግራም መኖ 2,500 ሚሊግራም ያህል ዚንክ ሲሆን፥ ለግልገሉ የሚያስፈልገው 100 ያህል ነው። ሃያ አምስት እጥፍ የሚሰጥ ነገር መድኀኒት ይባላል እንጂ ምግብ አይባልም። አብዛኛው ዚንክ ከፍግ ጋር ወጥቶ በእርሻ መሬት ይከማቻል፤ ዚንክን የለመዱ ባክቴሪያዎችም ብዙ ጊዜ አንቲባዮቲክን የሚቋቋሙ ሆነው ይገኛሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2017 ይህን አጠቃቀም ለማስቀረት ወስኖ፥ ከሰኔ 2022 ጀምሮ አስቁሞታል። ምርምሩ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ለግልገሉ የጎደለው እናቱና ጊዜ እንጂ ዚንክ አልነበረም።

ነገሩም አዲስ አይደለም። ስቶክስታድና ጁክስ በአሜሪካ በ1949 አንቲባዮቲክ የጫጩቶችን እድገት እንደሚያፋጥን ካስተዋሉ በኋላ፥ አሠራሩ ብዙ ሳይቆይ ወደ አሳማም ተሻገረ። ስዊድን በ1986፥ የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ለእድገት ሲባል አንቲባዮቲክ መቀለብን ከለከሉ። በ2015 ደግሞ በቻይና ኮሊስቲን የተባለውን መድኀኒት የሚያስቋቁምና ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ባሕርይ በአሳማዎች ላይ መገኘቱ ተገለጸ። ኮሊስቲን ሌላው መድኀኒት ሁሉ እምቢ ላለው በሽተኛ የሚቀር የመጨረሻ ተስፋ ነው። ስለዚህ የእድገቱን ዋጋ የሚከፍለው አሳማ አይቶ የማያውቅ የሆስፒታል ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ መደምደሚያው ቃል እንመለስ። እድገትና በሽታን መከላከል በአንድ ጎተራ የሚቀለቡ ሁለት ሥራዎች ናቸው። የሰውነት መከላከያ ሲነሣ ትኩሳት ይመጣል፥ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፥ ሥጋ ሊሠራ የነበረው ፕሮቲንም ለመከላከያው ይውላል። ስለዚህ በደም ውስጥ አንድ ፀረ እንግዳ አካል ጨመረ ብሎ ብቻ ጤና ጨመረ ማለት አይቻልም፤ ጭማሪው በሽታ መግባቱን የሚያመለክት ሊሆንም ይችላል። የሞቱት ስንት ናቸው? ተቅማጡ ስንት ቀን ቆየ? ምን ያህል መድኀኒት ተሰጠ? ጥናቱ ለእነዚህ መልስ ካልሰጠ፥ ስለ በሽታ መቋቋም የተናገረው በማስረጃ አልተደገፈም።

የንጽጽሩም መንገድ ሊመረመር ይገባል። በአንድ ጋጣ ከአንድ ገንዳ የሚበሉ አሥር ግልገሎች እንደ አሥር ማስረጃ ሊቆጠሩ አይገባም፤ የሚቆጠረው ጋጣው ነው። በቆሻሻ ቤት የታየ ጥቅምም በንጹሕ ቤት ላይታይ ይችላል። ከሁሉ በላይ ዱቄቱ የሚወዳደረው ብዙ ጊዜ ዱቄት ካልተሰጠው ግልገል ጋር ነው፤ ከእናቱ ጋር አንድ ሳምንት ጨምሮ ከቆየው ጋር ግን እምብዛም አይወዳደርም። ተቀናቃኙ ያልቀረበበት ፍርድ እንዴት ትክክል ሊሆን ይችላል?

አሳማ በአገራችን በጥቂት ቦታ ብቻ የሚረባ ስለሆነ ነገሩ አይመለከተንም የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ጥጃም ያለ እንገር መከላከያ የሌለው መሆኑን እናስታውሰዋለን። በዚህ ዘርፍ የምንሠራ ተማሪዎች ሁሉ ማናቸውንም ማሟያ ከመመርመራችን በፊት ምን ጎደለ? ማንስ አጎደለው? ብለን እንጠይቅ። መልሱ ንጥረ ነገር ከሆነ በልኩ እንስጥ፤ መልሱ የእኛው ችኮላ ከሆነ ግን በዱቄት አንሸፍነው።