የነካካው ሰው እጅ

ኦፒኔል የሚባለው የፈረንሳይ ሰንጢ ቢፈታታ ከአምስት ነገር አያልፍም፤ ብረቱ፣ የእንጨት እጀታው፣ የማጠፊያው ችንካር፣ አንድ የማይነቃነቅ ቀለበትና በላዩ የሚዞር ሌላ ቀለበት። ዕቃው እንዲህ ቀላል ስለሆነ የነካው ሰው ሁሉ አሻራ ይቀርበታል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ እንጨቱም ለሞረድ እሺ ይላል፤ ስለዚህ ቤቱ ሞርሳና ብርጭቆ ወረቀት ያለው ሰው ሁሉ ይሞካክርበታል። ለጥገና ከሚመጡልኝ አሮጌዎች ውስጥ ሳይነካካ የሚደርሰኝ ጥቂት ነው። ባለሙያ ያልሆነ ሰው እጁን ማስገባቱን አልቃወምም። የምጠይቀው ምን እንደቀነሰ ነው። የተጨመረ ነገር ይነሳል፤ የተሞረደ ብረትና የተፋቀ እንጨት ግን አይመለስም።

ከዚያ በፊት ግን ዕድሜውን ማወቅ ግድ ነው። ጆሴፍ ኦፒኔል ይህን ሰንጢ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1890 በተራራማው የሳቩዋ አገር ነው። በ1897 በመጠናቸው ከ1 እስከ 12 ቁጥር ሰጣቸው፤ 1 እና 11 ኋላ ቀርተዋል። ብረቱ ላይ የምናየውን ዘውድ ያለበት እጅ ምልክት ያደረገው በ1909 ነው። እጁ የመጥምቁ ዮሐንስ ነው፤ በአካባቢው ካለችው ከሳን ዣን ደ ሞሪየን ከተማ አርማ የተወሰደ። ዘውዱ ደግሞ ሳቩዋ የመስፍን ግዛት የነበረችበትን ዘመን ያስታውሳል። የሚዞረውን ቀለበት ማርሴል ኦፒኔል የፈጠረው በ1955 ነው፤ ትንንሾቹ ቁጥሮች ግን ዛሬም የላቸውም። ከ2000 ወዲህ ያለው ቀለበት የተዘጋውንም ሰንጢ ይቆልፋል። እንግዲህ «አያቴ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የገዛው ነው» ተብሎ የመጣ ቁጥር 8 የሚዞር ቀለበት ካለው ታሪኩ ተሳስቷል። የ1960ዎቹ ነው የተባለው ተዘግቶ ከተቆለፈ ደግሞ፣ ወይ የተባለውን ያህል አላረጀም፣ ወይ ቀለበቱ ተቀይሯል። ቀለበት መቀየር ነውር የለውም፤ ነውሩ ሲሸጡት አለመናገር ነው።

ብዙ ጊዜ የምወስደው ስለቱ ላይ ነው። ለዓመታት በድንጋይ የተሳለ ብረት ይጠባል፤ አጠባበቡ ግን ለስላሳ ነው፣ ዓይን ሳይደናቀፍ ከሥር እስከ ጫፍ ይከተለዋል። በግራይንደር የተሳለው ሥሩ አካባቢ ይቦረቦራል፣ ጫፉ ይዶለዱማል። ከዚህ የከፋው ሙቀቱ ነው። አረብ ብረት ሲሞቅ መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይይዛል፤ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ የሆነው ቦታ ጥንካሬውን ለቋል። የሠራው ሰው ቀለሙን አይቶ ይደነግጥና በብርጭቆ ወረቀት ያጠፋዋል፤ ቀለሙ ይሄዳል፣ ድክመቱ ይቀራል። ስለዚህ ዓይኔን አላምንም። ደቃቅ ሞረድ ይዤ፣ ሳልጫነው፣ ከሥር ወደ ጫፍ እሞክራለሁ። ጤናማው ብረት ላይ ሞረዱ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ጫፉ ጋ ደርሶ ድንገት ከነከሰና የብረት ብናኝ ካወጣ፣ ያ ጫፍ በእሳት ተበላሽቷል፤ ቢስሉትም ወዲያው ይታጠፋል።

ብረቱን በአቼቶ ወይም በሰናፍጭ አጥቁሮ አሮጌ ማስመሰል አሁን የተለመደ ነው። ጉዳቱ ከላይ ከላይ ነው፤ ካርቦን የበዛበት ብረት ፖምና ሎሚ ሲቆርጥም እንዲሁ ይጠቁራል። ልዩነቱን ማወቅ ለሚፈልግ፦ የሥራ ጥቁረት ዥንጉርጉር ነው፣ ወደ ስለቱ ይበረታል። ጭማቂ በማይደርስበት፣ ቀለበቱ ሥር ሁሉ እኩል ከጠቆረ ግን ብረቱ ተነክሮ ነው።

እጀታው ላይ ግን ልቤ አይችልም። እጀታው ቢች የሚባለው ዛፍ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ያብጥና ብረቱን ጨምድዶ ይይዛል። የሳቩዋ ሰዎች ለዚህ ዘዴ አላቸው፤ የእጀታውን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ያደርጉታል፣ ብረቱ ብቅ ይላል፣ በጥፍራቸው ይስቡታል። ይህን ያላወቀ ሰው ማረፊያውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ያሰፋዋል። አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይሰበሰባል፣ ብረቱም በሰፋው ማረፊያ ውስጥ ይንገላወዳል። እንዲህ ሆኖ የመጣ እጀታ መድኃኒት የለውም፤ መቀየር ብቻ ነው። የተልባ ዘይት አጠጥቶ ማድረቅ እርጥበቱን ባዘገየው ነበር። (ዘይቱን ያሻችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚሞቅ የተጨማደደ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት።)

በቅርቡ አንድ ጎልማሳ የአባቱን ቁጥር 8 ይዞ መጣ፤ «እንደ አዲስ አድርግልኝ» አለ። እጀታው ተሰንጥቆ በሰም የታሸ ክር ዙሪያውን ተጠምጥሞበታል፤ ክሩ ከእጅ ወዝ ብዛት ጠቁሮ ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆኗል። ጫፉ ተሰብሮ በሞረድ ተስተካክሏል፤ ከ8.5 ሳንቲ ሜትሩ የጎደለው ግልጽ ነው። ብረቱ ግን እንደ መስታወት ያበራል። ዘውድና እጁን ለማየት ወደ መስኮቱ ማዘንበል ነበረብኝ፤ ጣቶቹ ጠፍተዋል፣ ከዘውዱ የቀረው ሥሩ ነው። ክሩና ጫፉ የአባትየው ሥራ ናቸው። ብረቱን እንዲያበራ የፈተገው ልጁ ነው፤ ለአባቱ ክብር ብሎ።

ሰውየው የሚያፍርበት ክሩን ነበር። ለእኔ ክሩ ከአብዛኛው ባለሙያ ሥራ ይበልጣል። ስንጥቁን ይዟል፣ ምንም አልቀነሰም፣ በማንኛውም ቀን ሊፈታ ይችላል። የተሞረደውም ጫፍ ቅር አላሰኘኝም፤ አባትየው የተሰበረውን ያህል ብቻ ወስዶ አቁሟል፣ ሞረዱም በእጅ ስለሆነ ብረቱ አልሞቀም። ያጎደለው መወልወሉ ነው። ያ ምልክት እስከዚያ ቀን የኖረው የአባትየው ድንጋይ ስለቱን እንጂ ጎኑን ስለማይነካ ነው፤ ብዙ ዘመን ያልወሰደውን የልጁ መወልወያ ማሽን ባንድ ከሰዓት ወሰደው። ይህን ለሚወደው ሰው መንገር ይከብዳል፤ ነገርኩት። እንደገና መቅረጽ ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። ሌላ ሰው ሊቀርጽ ይችላል፤ እኔ አላደርገውም፣ ያኔ የሰንጢው ዕድሜ ማስረጃ የሚሆነው የእኔ ቅርጽ ነዋ።

ስለቱን በድንጋይ ሳልኩለት፣ የላላውን ቀለበት በፒንሳ በጥቂቱ አጠበቅሁት። ያየሁትን ሁሉ ደረሰኙ ላይ ጻፍኩ፤ የትኛው የአባት፣ የትኛው የልጅ፣ የትኛው የእኔ ሥራ እንደሆነ ለይቼ። መወልወያውን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ከሥራ በኋላ አድርቆ ዘይት ብቻ እንዲቀባው ተስማምተናል። ክሩ ሲላላ ይመጣል፤ እኔ እጠመጥምለታለሁ።