ጌጅ ወይስ ጌጥ?

ኪነ ጥበብ የሰው ልጅ ከሥራው ጋር ባደረገው ረዥም ትግል ውስጥ የተወለደች በመሆኗ መኖሪያዋ የሥዕል አዳራሽና የቴአትር መድረክ ብቻ ሊሆን አይችልም። ሸማኔው በጥበቡ ጠርዝ፣ ሸክላ ሠሪዋ በእንስራዋ አንገት ላይ የሚያኖሩትን ውበት ሐያስያን ደጋግመው መርምረዋል። ሾፌሩ በጋቢናው ውስጥ የሚያቆመው ሥራ ግን፣ ምናልባት በየዕለቱ ስለምንመላለስበት ይሆናል፣ እንደ ሥራ ተቆጥሮ ሂስ ሲቀርብበት አላየንም።

በባሕር ዳር ከጣና ዳር ተነስቶ ወደ ዓባይ ማዶ በባጃጅ ወይም በሚኒባስ የተጓዘ ሁሉ እንደሚያውቀው ጋቢና ባዶ ቦታ አይወድም። የእመቤታችን ሥዕል፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ከስፖኪዮው የሚወርድ ዘርፍ፣ ባለቀለም መብራት፣ ሁሉም ተርታውን ይዟል። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ከእነዚህ መካከል አንዱ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከፋብሪካው ሰሌዳ ውጭ ባለመኪናው ገዝቶ የሚያስተክለው ተጨማሪ ጌጅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ 52 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ መለኪያ ሲሆን፣ የሞተሩን ውሃ ሙቀት፣ የዘይቱን ግፊት ወይም የባትሪውን ቮልት በአንዲት መርፌ ያሳያል። ከሌሎቹ ነጥለን የምናየው ያለ ምክንያት አይደለም። የፕላስቲክ አበባ ስለ ሞተሩ የሚናገረው ነገር ስለሌለ ሊዋሽ አይችልም። ጌጅ ግን ምስክርነት ይሰጣል፤ ምስክርነቱም በመኪናው ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ሕይወት ይነካል። በጌጅና በጌጥ መካከል ያለው ልዩነት በአማርኛችን አንዲት ፊደል ቢሆንም በመንገድ ላይ ሰፊ ነው።

በቅድሚያ ይዘቱን እንመልከት። ተጨማሪ ጌጅ የቅንጦት ዕቃ ነው የሚሉ አሉ። ይህ አስተያየት የፋብሪካውን ሰሌዳ ካለማወቅ የሚመነጭ ነው። በከተሞቻችን የበዛችው ቪትዝ በብዙዎቹ ሞዴሎቿ የሙቀት መርፌ የላትም፤ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ፣ ከልክ በላይ ሲግል ቀይ መብራት ታበራለች፤ በሁለቱ መካከል ዝም ትላለች። መርፌ ካላቸውም መኪናዎች ብዙዎቹ፣ ሾፌሩ በጥቃቅን ለውጥ እንዳይረበሽ ተብሎ፣ ሙቀቱ በሰፊ ክልል ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ መርፌው መሐል ላይ ጸንቶ እንዲቆም ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የዘይት መብራትም የምትበራው ግፊቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ ውሃ በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላባታል። በራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ይህን አልፎ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው፤ ክዳኑ ሲያረጅ ይህ ጥበቃ ይጠፋል። ከዓባይ ድልድይ ተነስቶ ወደ ደጀን የሚያቀና መኪና ደግሞ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በዚህ ዳገት ላይ እውነተኛውን ቁጥር ማወቅ የሚሻ ሾፌር ቅንጡ ሊባል አይገባውም።

ወደ ቅርጹ ስንመጣ ግን ሂሳችን ይጠነክራል። ዓባይ ማዶ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ የተመለከትናት የአንድ ወጣት ቪትዝ በሾፌሩ በኩል ባለው የፓራብሬዛ ምሰሶ ላይ ሦስት ጌጆች ደርድራለች። ጥቁሩ ማቀፊያ ከምሰሶው ጋር አንድ አካል እስኪመስል ድረስ ተስማምቷል፤ የሽቦው አደባበቅም የሚያስመሰግን ነው። ይሁንና የላይኛው ጌጅ የቱርቦ ግፊት መለኪያ ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ቱርቦ የለውም። እንዲህ ያለው መርፌ ከሞተሩ ጋር ቢያያዝ እንኳ ከዜሮ በታች ባለው ክልል ሲመላለስ ይኖራል እንጂ ወደ ላይኛው ክፍል አንድ ቀን አይሻገርም። ወጣቱ ይህን አላጣውም፤ ስንጠይቀው ሳቀና «ሲበራ ያምራል» አለን። በእርግጥም ሲበራ ያምራል። በሌሊት ግን ሰማያዊው ብርሃን በመስተዋቱ ላይ እየተንጸባረቀ ከፊት ያለውን መንገድ ያደበዝዛል፤ የወፈረው ምሰሶም ከግራ የሚመጣውን ብስክሌተኛ ይደብቃል። ብስክሌተኛ በበዛባት ባሕር ዳር ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

አንድ ሠዓሊ ወዳጃችን በዚህ ነጥብ ላይ ተከራክሮናል። «ልጁ የእሽቅድምድም መኪና ሥዕል ነው የሠራው፤ ሥዕል እንደ ሥዕል ይታይለት» ይላል። ክርክሩ ክብደት አለው። ወጣቱ ጌጁን በብሩሽ ስሎት ቢሆን ኖሮ እኛም እናጨበጭብለት ነበር። ነገር ግን ሕያው መርፌና መብራት ያለው ነገር የምስክርን ወንበር ይዟል፤ ወንበሩን የያዘ ደግሞ ይጠየቃል። ምስሉን የተዋሰበት የእሽቅድምድም መኪናም ቢሆን እጅግ ቁጥብ ነው። በዚያ ሙያ የተለመደው አሠራር እያንዳንዱን ጌጅ በቦታው አዙሮ፣ ሞተሩ ደኅና ሲሆን መርፌዎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ወደ ላይ እንዲያመለክቱ ማድረግ ነው። ሾፌሩ ቁጥር አያነብም፤ ከመካከላቸው ያጋደለውን ብቻ ያያል።

ጌጅ ወደ ማን መዞር አለበት የሚለው ጥያቄ የጽንሰ ሐሳብ ጨዋታ ላለመሆኑ እኔው ራሴ ምስክር ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ስመለስ በአንድ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ከሬዲዮው በላይ የተተከለው የሙቀት ጌጅ፣ ለተሳፋሪ እንዲታይ ተብሎ ይመስላል፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል። የደጀንን ዳገት እየወጣን ሳለ መርፌው እየጨመረ ሄደ፤ ቆየት ብሎም ቁልቁል መውረድ ጀመረ። እኔም «ተመስገን፣ በረደ» ብዬ በልቤ ተደሰትኩ። ለካ ውሃው ፈስሶ አልቆ ኖሯል። ሙቀት ተቀባዩ ከውሃ ወጥቶ ባዶ ቦታ ላይ ሲቀር መርፌው እንደሚወርድ አላውቅም ነበር። ሾፌሩ ያውቃል፤ ግን አላየውም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነጭ እንፋሎት ፓራብሬዛውን ሸፈነው፤ ገደሉ ዳር ቆምን። ሰው አልተጎዳም፤ ሞተሩ ግን ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። ጌጁ ግንኙነቱ ትክክል፣ መርፌውም ሕያው ነበር። ጥፋቱ የአቀማመጥ ነበር።

የአቀማመጥን ነገር ደግሞ የጣና ዳር ሰው ከሩቅ ሊማረው አይገባም። በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ግድግዳ ያስተዋለ፣ ሥዕሎቹ በዘፈቀደ እንዳልተለጠፉ ይገነዘባል። ሰይፍ የመዘዙት መላእክት በበሮቹ ላይ ይቆማሉ፤ ጠባቂዎች ናቸውና። በቀደምት ሠዓልያን ሥርዓት ጻድቁ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው ግን በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ሕግ ወደ ጋቢና ማምጣት ያስቅ ይሆናል፤ ሆኖም የጌጅ ጠባይ ከዚህ አይርቅም። መርፌው ከሰሌዳው ጥቂት ከፍ ብሎ ስለሚንሳፈፍ፣ ከጎን የሚያየው ሰው መርፌው ካለበት ቁጥር አልፎ ሌላ ቁጥር ያነባል። ፊት ለፊት ያልቆመ ጌጅ፣ በፋብሪካው የቱን ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ፣ ለሾፌሩ ባለ አንድ ዓይን ነው።

ካየናቸው ሁሉ የላቀውን ሥራ ያገኘነው ጤፍ ጭኖ ከመጣ አንድ አይሱዙ ውስጥ ነው። ሾፌሩ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ከዳሽ ቦርዱ በላይ አንድ ወጥ የዋንዛ ሰሌዳ አስጠርበው፣ የውሃና የዘይት ጌጅ ጎን ለጎን ተክለውበታል። ሰሌዳው ወደ እርሳቸው ዘንበል ብሏል፤ የላይኛው ጠርዝ እንደ ቆብ ወጣ ብሎ የጠዋቷን ፀሐይ ይከልላል። ሞተሩን ሲያስነሱና ሙቀቱ ሲደላደል ሁለቱም መርፌዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። የእሽቅድምድም መኪና አይተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅናቸው። አያውቁም። «ከቆሙ አላያቸውም፤ አንዱ ሲያዘነብል ነው ዓይኔ የሚሄደው» አሉን። እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ የብረታ ብረትንና የእንጨት ሥራን በአንድ ግቢ ባስተማረባት ከተማ፣ ዋንዛና ናስ እንዲህ ተስማምተው ማየት ደስ ያሰኛል። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ቢያዩት የማይቆጩበት ሥራ ነው።

እንከን የለውም ማለታችን ግን አይደለም። የዘይት ጌጁ የድሮው ዓይነት ነው፤ ትኩሱን ዘይት ራሱን በቀጭን ቱቦ ከሞተሩ እስከ ጋቢና ያመጣል። ቱቦው ደግሞ በረዳቱ እግር አጠገብ ያልፋል። ቢሰነጠቅ የሚከተለውን መገመት አያዳግትም፤ በሽቦ በሚሠራው መለወጥ፣ በሽቦውም ላይ ፊውዝ መግባት አለበት። ይህን ስንነግራቸው አልተከራከሩም፤ ከሚቀጥለው ጭነት በኋላ እንደሚያስለውጡት ነገሩን።

በሰሌዳው ላይ ሦስተኛ ቀዳዳም አለ። በዋንዛ ክዳን ተደፍኖ ከቀረው እንጨት ጋር እስኪመሳሰል ተልጓል። የቮልት መለኪያ ቦታ መሆኑን ነገሩን። የማይሠራ አሮጌ ጌጅ ለጊዜው ይግባበት ብሎ ረዳታቸው አምጥቶላቸው ነበር፤ መልሰው ሰጥተውታል።