ደልዳላ ሶል፣ ዘመም የሚል እግር

የመሮጫ ጫማ በሚሸጥበት ቤት ሁለት እምነቶች ሲከራከሩ ይውላሉ። አንዱ ‹‹እግርን ለተፈጥሮው ተዉት፤ ተረከዙን ከፍ ያደረጋችሁበት ቀን አረጋገጡን አበላሻችሁት›› ይላል። ሌላው ‹‹እግር ሲደክም ወደ ውስጥ መዝመሙ አይቀርም፤ ከጎኑ ያዙት›› ይላል። ዜሮ ድሮፕ ሆኖ ስታቢሊቲ (ደጋፊ) ተብሎ የሚሸጥ የአስፋልት ጫማ ሁለቱን አስታርቄአለሁ ብሎ ነው የሚመጣው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሰውን ከጫማ ጋር ማገናኘት እንጀራዬ ከሆነ ወዲህ፣ ለመመዘን እንደዚህ ዓይነቱ የሚያስቸግረኝ የለም። አስታራቂው ራሱ ውስጡ ጠብ አለበት።

ጠቡ የት እንዳለ ለማየት መጀመሪያ ድሮፕ የሚባለውን እንወቅ። ከተረከዝ ሥር ያለው የሶል ውፍረት ከፊት እግር ሥር ካለው የሚበልጥበት መጠን ነው። በተለመደው የአስፋልት ጫማ ከ8 እስከ 12 ሚሊሜትር ይሆናል። ድጋፍ ፈላጊዎች ሁሉ ከሚያውቋቸው መካከል የብሩክስ አድሬናሊን ለብዙ ዓመታት 12፣ የአሲክስ ጄል ካያኖ ደግሞ 10 ሚሊሜትር አካባቢ ሆነው ኖረዋል። ዜሮ ድሮፕ ሲባል ኋላና ፊት እኩል ናቸው ማለት ነው፤ ሶሉ ስስ ነው ማለት አይደለም። እነዚህን የሚያምታታ ደንበኛ ብዙ ነው። የአልትራ ፓራዳይም ለምሳሌ ከተረከዝም ከፊትም ሥር 30 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው።

አልትራ የተወለደው በዩታ ግዛት፣ ኦረም በምትባል ከተማ፣ ከአንድ ቤተሰብ የሩጫ ጫማ ሱቅ ነው። ጎልደን ሃርፐር የሚባለው የቤቱ ልጅ የተለመዱ ጫማዎችን በትንሽ የዳቦ መጥበሻ ምድጃ እያሞቀ፣ ሙጫው ሲለቅ ሶሉን እየፈታ፣ የተረከዙን ትርፍ ቆርጦ እያወጣ መልሶ ይለጥፍ ነበር። ሐሳቡ የተጀመረው በመቀነስ ነው። የስታቢሊቲ ጫማ ታሪክ ደግሞ የመጨመር ታሪክ ነው፤ ደረቅ ስፖንጅ፣ ፕላስቲክ፣ ጠንካራ የተረከዝ መያዣ። እንግዲህ ፓራዳይምና ታናሹ ፕሮቪዥን የተቀነሰውን ቀንሰው የተጨመረውን ለመጨመር የሞከሩ ናቸው። አልትራ ራሱ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ 4 ሚሊሜትር ድሮፕ ያላቸው ጫማዎችም ማውጣት ጀምሯል። ዜሮ ለሁሉም እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ ምስክር አልፈልግም።

እዚህ አገር ዜሮ ድሮፕን የሚያወድስ ሰው ሐበሻ መሆኔን ሲያውቅ አበበ ቢቂላን ሳይጠራ አይቀርም። ሻምበል አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ባዶ እግሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ተጫምቶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ሁለቱም በጊዜው የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበሩ። ከዚህ ውስጥ ስለ ተረከዝ ውፍረት የሚወጣ ትምህርት ካለ እኔ አልታየኝም። ስሙ ለጫማ ሽያጭ ሲነሣም ቅር ይለኛል።

ወደ ጠቡ ልመለስ። ስንሮጥ እግራችን መሬት ይዞ ሳለ ቅልጥማችን ከላዩ ወደፊት ያልፋል። ለዚህ ቁርጭምጭሚት መታጠፍ አለበት፤ እንዲታጠፍ ደግሞ ባትና የተረከዝ ጅማት መለጠጥ አለባቸው። ባቱ የደረቀ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይይዘዋል። ሰውነቱ ግን በሩጫ ላይ ነውና መቆም አይችልም፤ ማለፊያ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ማለፊያ እግሩን ወደ ውስጥ አዝምሞ፣ የውስጥ እግሩን ቅስት ጨፍልቆ መሄድ ነው። ከፍ ያለ ተረከዝ ለዚህ ሰው ጥቂት ዲግሪ ያበድረዋል። ብድሩ የተነሣበት ዕለት፣ ትናንት ጥቂት ይዘም የነበረ እግር ዛሬ ብዙ ይዘማል። ከዚያ የጫማው የጎን ድጋፍ ይይዘዋል፣ ሻጩም ‹‹አየህ፣ ይሠራል›› ይላል። ድጋፉ የያዘው ግን ደልዳላው ሶል ራሱ ያመጣውን መዝመም ነው።

ለዚህ ነው ሳጥን ከመክፈቴ በፊት ግድግዳ የማሳየው። ጫማ ይወልቃል፤ የአውራ ጣት ጫፍ ከግድግዳው 10 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል፤ ተረከዝ ሳይነሣ ጉልበት ግድግዳውን መንካት አለበት። ቀኝና ግራው መለያየቱ የተለመደ ስለሆነ ሁለቱም ይፈተናሉ። ያልደረሰለትን ሰው አላባርረውም፤ ግን ዜሮውን መጀመሪያ አላመጣለትም።

አንድ ጊዜ በሆስፒታል በረዳት ነርስነት የሚሠሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቻቸው ጋር የሚሮጡ እናት መጡ። ‹‹ጓደኛዬ የገዛችውን ያንን ሰፊውን የአልትራ ጫማ አምጣልኝ›› አሉኝ። ‹‹እትዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ጉልበትዎን ወደ ግድግዳው ያስጠጉልኝ›› አልኳቸው። ‹‹ልጄ፣ እኔ ጫማ ልገዛ ነው የመጣሁት ወይስ ግድግዳ ልገፋ?›› ብለው ሳቁ። ጉልበታቸው ሳይደርስ ተረከዛቸው ተነሣ። በወጣትነታቸው ታኮ ጫማ ከእግራቸው አይጠፋም ነበር፤ እንዲህ የኖረ ባት አጥሮ ይቀራል። ስናወራ የፈለጉት የጣቶቹን ቦታ ስፋት እንደሆነ ገባኝ፤ ሥራ ላይ ቆመው ሲውሉ እግራቸው ያብጣል። ያ ስፋት ደግሞ 5 ሚሊሜትር ድሮፕ ባለው የቶፖ ጫማም ይገኛል፤ እሱን ይዘው ሄዱ።

ቁርጭምጭሚቱ ለፈቀደለት ሰው ጫማው ራሱ ይመዘናል። እኔ የምጀምረው ገልብጬ ሶሉን በማየት ነው። መሃሉ ላይ ወገቡ ቀጥኖ የተቆረጠ ጫማ ሳጥኑ ላይ ምንም ቢጻፍበት አይደግፍም። ይህን አጥብቄ እላለሁ፤ በስታቢሊቲ ጫማ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የመሬት መያዣው ስፋት ነው፣ ከዚያ የስፖንጁ ጥንካሬ፣ ማስታወቂያው የሚያወራለት የጎን ድጋፍ ሦስተኛ ነው። የዱሮው ጫማ በውስጥ ጎኑ ግራጫ ደረቅ ስፖንጅ ነበረው፤ ሁለቱን ጎን በአውራ ጣት ሲጫኑት ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። አሁን ብዙዎቹ የሶሉን ጠርዝ ከፍ አድርገው እግርን ከጎን የሚያቅፍ ሐዲድ ይሠራሉ፤ የቅርቦቹ ፓራዳይሞችም በውስጥ ጎናቸው እንዲህ ያለ ሐዲድ አላቸው። ጥሩ ሐዲድ ቆመህ ሊሰማህ አይገባም። እግር ሲዘም ብቻ ደርሶ መንካት አለበት። ገና ሲያጠልቁት ቅስታቸው ሥር የሚጎረብጣቸው ሰዎች ‹‹ድጋፉ ይሰማኛል›› ብለው ይደሰታሉ፤ እኔ ግን ከእግራቸው ቅርጽ ጋር እንዳልተገናኘ እረዳለሁ።

የውስጡን ንጣፍ አውጥቼ ሰውየውን በባዶ እግር አስቆመዋለሁ። አውራ ጣቱ ወይም ትንሿ ጣቱ ከንጣፉ ከፈሰሰ ቁጥሩ ወይም ስፋቱ አልሆነም። የአልትራ ሰፊ አፍንጫ ለዚህ ይረዳል፤ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ አውራ ጣት መሬትን ገፍቶ እግርን ከመዝመም የሚጠብቅ የተፈጥሮ ድጋፍ ነውና። ነገር ግን ስፋቱ ወደ ኋላም ከዘለቀና ተረከዙን ልል ካደረገው፣ እግር ከሶሉ በላይ ይንሸራተታል፤ ከሥሩ ያለው ሰፊ ሶልም ትርፍ ሸክም ይሆናል። ማሰሪያውን በመጨረሻዋ ቀዳዳ አሳልፎ ማጥበቅ አንዳንዴ ያድናል። ካላዳነ ጫማው የዚያ ሰው አይደለም።

ደግሞ የስፖንጁ ነገር አለ። ድሮፕ የሚለካው ማንም ባልረገጠው ጫማ ላይ ነው። በተረከዙ የሚያርፍ ከባድ ሰው ለስላሳ ስፖንጅ ላይ ሲወርድ ኋላው ከፊቱ የበለጠ ይሰምጣል፤ ዜሮው ከዜሮ በታች ይሆናል። የተረከዙ ጠርዝ ሲበላም እንዲሁ ነው። 10 ሚሊሜትር ድሮፕ ካለው ጫማ ላይ 3 ሚሊሜትር ቢጠፋ እግር ብዙም አይናገርም፤ ከዜሮው ላይ ሲጠፋ ግን ባት ነው የሚከፍለው። ስለዚህ በዜሮ ጫማ ላይ ለእጅ የሚጥም ልስላሴ አያታልለኝም፤ ጠንከር ያለውን እመርጣለሁ። አሮጌውን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ከኋላ እዩት። ወደ ውስጥ ካዘነበለ፣ ገና አዲስ ቢመስልም ጨርሷል።

ሱቅ ውስጥ በመሮጫ ማሽን ላይ ለሰላሳ ሰከንድ የሚቀረጸው ቪዲዮ የሚያሳየው ያልደከመ እግርን ነው። መዝመም ደግሞ የድካም ነገር ነው። ትክክለኛው ፈተና አስፋልት ላይ፣ ወደ ሩጫው መጨረሻ ነው፤ እዚያም አንድ ወጥመድ አለ። አስፋልት ውኃ እንዲያወርድ መሃሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። መኪና ፊት ለፊት እንዲታየን በግራ ዳር ስንሮጥ ግራ እግራችን ዝቅ ያለውን፣ ቀኛችን ከፍ ያለውን ይረግጣል፤ ከፍ ባለው በኩል ያለው እግር ወደ ውስጥ ይበልጥ ይገፋል። በአንድ ዳር ብቻ የተሞከረ ጫማ ‹‹ቀኙ አይደግፍም›› ይባልበታል፤ ጥፋቱ የመንገዱ ነው። እኔ የምመክረው መኪና የማይገባበት ደልዳላ መንገድ ፈልጎ፣ በሄዱበት ዳር ተመልሶ ማነጻጸር ነው። ጆሮም ይመዝናል። ሩጫው ሲገባደድ ጫማው ጧ ጧ ማለት ከጀመረ ቁርጭምጭሚቱ ደክሟል።

ከሁሉ የሚታመነው የማግሥቱ ጠዋት ነው። ከአልጋ ሲወርዱ የባት ሥጋ መሃሉ ላይ ቢያም የአዲስ ሥራ ሕመም ነው፣ ያልፋል። ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ከጠጠረ ወይም የመጀመሪያው እርምጃ ተረከዝ ሥር ከወጋ ግን ጫማው ይቀመጥ። መልመጃው ሳምንታት ይፈልጋል፦ መጀመሪያ በእግር መሄጃ፣ ከዚያ የአጭር ቀን ሩጫ፣ ረጅሙ ሩጫ መጨረሻ። ሰው ይህን ሲሰማ ይሰለቻል፤ አውቃለሁ።

የሉክሰምበርግ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሟቸው ሁለት ጥናቶች ለዚህ ሙያ ጠቃሚ ናቸው። በአንደኛው 553 ሯጮች 10፣ 6 እና 0 ሚሊሜትር ድሮፕ ያላቸው ጫማዎች ተሰጥቷቸው ክትትል ተደረገባቸው። በጥቅሉ የጉዳት ልዩነት አልታየም። ሯጮቹ በሚሮጡበት መጠን ሲለያዩ ግን አልፎ አልፎ በሚሮጡት ላይ ዝቅተኛዎቹ ድሮፖች ጉዳት ቀነሱ፤ አዘውትረው በሚሮጡት ላይ ጨመሩ። እንደ እኔ ግምት ይህ የልማድ ጉዳይ ነው፤ ሰውነቱን ለዓመታት በከፍ ያለ ተረከዝ ያደረጀ ሰው ነው በለውጡ የሚጎዳው። በሁለተኛው ጥናት ከ372 ሯጮች መካከል ድጋፍ ያለው ጫማ የተሰጣቸው፣ በተለይ እግራቸው ወደ ውስጥ የሚዘምባቸው፣ ጉዳታቸው አነስተኛ ነበር። በሌላ በኩል ዴንማርክ ውስጥ ድጋፍ በሌለው ጫማ ሩጫ የጀመሩ 927 ሰዎች ሲጠኑ፣ እግራቸው የሚዘምባቸው ከሌሎቹ የበለጠ አልተጎዱም። የሉክሰምበርጎቹን ሁለቱን ደምሮ ‹‹እንግዲያው ዜሮውም ድጋፉም ይጠቅማል›› የሚል ሻጭ አጋጥሞኛል። አይደመሩም፤ የተሞከሩት በተለያየ ጫማ ነው።

ፍርዴን ልስጥ። ጉልበቱ ግድግዳ የሚደርስለት፣ ጣቶቹ ቦታ የሚፈልጉ፣ ሲደክም ብቻ እግሩ የሚዘምበትና ለመልመድ ትዕግሥት ያለው ሰው ከፓራዳይም ዓይነቱ ብዙ ይጠቀማል፤ በተለይ በዝግታ ለሚሮጥ ረጅም ርቀት። ባቱ የደረቀ፣ የተረከዝ ጅማቱ ታሞ የሚያውቅ፣ ወይም ውድድሩ የደረሰበት ሰው ድጋፉን ከፍ ባለ ተረከዝ ላይ ይፈልገው።

አንድ ልመና ለእኛው ሰው። አዲስ አበባ ላለ ሯጭ ወንድም ወይም እህት ጫማ የምንልክ ብዙ ነን፤ ሰው ሲሄድ ሻንጣ ውስጥ እንከታለን፣ ልኩ ካልሆነ መመለሻ የለውም። ከመግዛታችሁ በፊት የእግሩን ርዝመት በሴንቲሜትር፣ አሁን የሚሮጥበት ጫማ ምን እንደሆነና ያረጀው ጫማ ከኋላ የተነሣበትን ፎቶ ጠይቁ። ከፍ ባለ ተረከዝ ሲሮጥ ለኖረ ሯጭ፣ ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ሲዘጋጅ፣ በጥቅምት ዜሮ ድሮፕ አትላኩለት።