ከውኃው መስመር በታች

ስለ ማዕበል የሚነገረው ታሪክ አብዛኛው ከብሪጅ የመጣ ነው፤ ካፒቴኑ ቆሞ ባሕሩን ከሚያይበት መስኮት። እኔ የመርከብ መሐንዲስ ነኝ። ኢንጂን ሩም ከውኃው መስመር በታች ነው፣ መስኮት የለውም። ማዕበልን የማውቀው በእግሬ፣ በጆሮዬና በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ በሚዋልሉት ቁጥሮች ነው።

ከጅቡቲ ተነሥተው ወደ ሩቅ ምሥራቅ በሚጓዙ መርከቦች ላይ የሠራ ሁሉ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን የዓረብ ባሕር ያውቀዋል። አገር ቤት ክረምት ነው፤ እዚያ ደግሞ የደቡብ ምዕራቡ ሞንሱን ለሳምንታት ፋታ ሳይሰጥ ውኃውን ይገፋዋል። የሶኮትራ ደሴት ወደ ኋላ ከቀረች በኋላ መርከቧ ከጎን ወደ ጎን መንከባለል ትጀምራለች። በዚያን ጊዜ በነዳጅ ታንኩ ታች ለወራት የተኛው ዝቃጭ ተበጥብጦ ይነሣል፤ ፊልተሩም ይደፈናል። አንዱን አጥበን ሳንጨርስ የሌላው አላርም ይጮኻል። በደህና ቀን ሌሊት ሌሊት ሰው የማይቆምበት ኢንጂን ሩም በማዕበል ጊዜ ተረኛ አያጣም።

ከፊት የሚመጣ ማዕበል ጠባዩ ሌላ ነው። የመርከቧ አፍንጫ ሲደፋ ኋላዋ ይነሣና ፕሮፔለሩ በከፊል ከውኃ ይወጣል። የሚገፋው ውኃ ሲያጣ ሸክሙ ይቀልና ሞተሩ በድንገት ይፈጥናል፤ ድምፁ ይቀጥናል። የፍጥነት ተቆጣጣሪው፣ ገቨርነሩ፣ ነዳጁን ይቀንሳል። ኋላዋ ተመልሶ ሲጠልቅ ደግሞ ሸክሙ ባንድ ጊዜ ይወርድበታል፤ ወለሉ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጣል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው። ፍጥነቱ ከልክ ካለፈ መከላከያው ሞተሩን በራሱ ጊዜ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ቀድመን ዙሩን ዝቅ እናደርጋለን። መድረሻ ሰዓቱ ቢዘገይ ይዘግይ። ይህን ውሳኔ ካፒቴኑና ቺፍ ኢንጂነሩ አብረው ሲወስኑት ደስ ይለኛል። «ቺፍ፣ ማታ ላይ ይከብዳል፤ ከአሁኑ ተዘጋጁ» ብሎ የሚደውል ካፒቴን ለእኔ ከማንም ይበልጣል።

ድንገተኛ ግዙፍ ማዕበል ግን አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። መርከበኞች ለብዙ ዘመን ስለ እርሱ ሲያወሩ የሚያምናቸው ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 በሰሜን ባሕር፣ ባሕሩ ላይ በቆመው የኖርዌይ ድራውፕነር መድረክ ላይ የተተከለ መለኪያ 25.6 ሜትር ከፍታ ያለው ማዕበል መዘገበ። በዚያ ሰዓት ከሞገዶቹ ሁሉ ትልልቆቹ አንድ ሦስተኛዎቹ በአማካይ 12 ሜትር ያህል ከፍታ ነበራቸው። ከዚህ አማካይ ከእጥፍ በላይ የሆነ ማዕበል ነው ዛሬ ድንገተኛ ግዙፍ ማዕበል ተብሎ የሚጠራው። ከተለያየ አቅጣጫ የመጡ ሞገዶች አንድ ቦታ ላይ ሲደራረቡ ሊፈጠር ይችላል። በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ደግሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚፈሰው የአጉልሃስ ጅረት ከደቡብ ምዕራብ ከሚመጣው ሞገድ ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል፤ ሞገዱ ያጥራል፣ ቁልቁለቱም ገደል ይሆናል። ወርልድ ግሎሪ የተባለችው የነዳጅ ጫኝ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሁለት የተሰበረችው በዚያ ጠረፍ ነው።

እንዲህ ያለውን ማዕበል የመቀበያው መንገድ አፍንጫን ወደ እርሱ ማዞር ነው። አፍንጫዋን የሚያዞረው መሪው ነው፤ መሪው ደግሞ የሚሠራው ፕሮፔለሩ ውኃ ሲገፋለት ነው። ሞተሩ ከቆመ መርከቧ ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች። ከዚያ በኋላ የካፒቴኑ ችሎታ ብዙም አያግዝም።

ቫይኪንግ ስካይ በምትባለው የመንገደኞች መርከብ የደረሰውን ለወጣቶች ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2019 በኖርዌይ ሁስታድቪካ በተባለ ቦታ፣ 1,373 ሰው እንደ ጫነች፣ በማዕበል መካከል ኃይሏ በሙሉ ጠፋ። ከዐለታማው ጥልቀት የለሽ ውኃ የአንድ መርከብ ርዝመት ያህል እስኪቀራት ድረስ ተገፋች። ሄሊኮፕተሮች 479 ሰው አወጡ። ምርመራው ያገኘው መንስኤ የሞተር ዘይት ነው፤ በማጠራቀሚያዎቹ ውስጥ የነበረው አምራቹ ከሚመክረው በጣም ያንስ ነበር። መርከቧ ስትወዛወዝ ዘይቱ ከመምጠጫው ቱቦ ሸሸ፤ ፓምፑ አየር ሳበ፤ ግፊቱ ወረደ፤ ሞተሮቹ ራሳቸውን አጠፉ። ማሽኖቹ የተሰጣቸውን ትእዛዝ ነው የፈጸሙት። በጸጥተኛ ባሕር ላይ ያ የዘይት መጠን ይበቃል፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ የማዕበል ሥራ የሚሠራው ባሕሩ ሳይነሣ ነው እላለሁ። ሁለተኛው ጄኔሬተር ቀድሞ ይነሣል፤ ሁለቱም የመሪ ሞተሮች ይሠራሉ፤ መለዋወጫው ሁሉ ይታሰራል፤ ተጠባባቂው ፊልተር ታጥቦ ይቀመጣል። ይህ ማንም የማያየው፣ ማንም የማያመሰግንበት ሥራ ነው። እኔ ግን ከሙያችን ሁሉ የምኮራበት እርሱ ነው።

በባሕር ዳር ማሪታይም አካዳሚ ለምትማሩና ነገ ከባሕር በራቀች አገራችን ስም መርከብ ላይ ለምትወጡ ልጆች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንታችሁ የሞተሩን ዘይት በገዛ እጃችሁ ለኩ፤ ያገኛችሁትንም ከአምራቹ መመሪያ ጋር አስተያዩ። ካነሰ ያኔውኑ ለቺፍ ንገሩት፤ ቢቆጣም ደግማችሁ ንገሩት።