ከውለታ ወደ መብት፦ የቤተ እስራኤል ወጣቶች ክርክርና የእኛ አነባበብ

እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ፣ በእስራኤሏ ፔታህ ቲክቫ ከተማ በሚገኝ አንድ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት፣ አራት ትውልደ ኢትዮጵያ ሴት ተማሪዎች ለብቻቸው በተለየ ክፍል እንደሚማሩ ታወቀ። ትምህርቱን ሁሉ የምትሰጣቸው አንዲት መምህርት ናት፤ ዕረፍት የሚወጡት ሌሎቹ ልጆች በማይወጡበት ሰዓት ነው፤ የሚመላለሱትም በተለየ ታክሲ። (ታክሲውን ልብ ይሏል፤ መለየትም በጀት ይጠይቃል።) የተሰጠው ማብራሪያ የቆዳ ቀለምን አያነሳም፤ የቤተሰቦቻቸው ሃይማኖታዊ አኗኗር ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ጋር አይመጣጠንም ይላል። በ2009 ደግሞ በዚያችው ከተማ ሦስት ከፊል የግል ትምህርት ቤቶች ወደ መቶ የሚጠጉ የቤተ እስራኤል (የትውልደ ኢትዮጵያ አይሁድ) ልጆችን አንቀበልም አሉ። ስምምነት ላይ የተደረሰው መንግሥት በጀት አቆማለሁ ብሎ ከዛተ በኋላ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል ነበር።

በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው በአብዛኛው ሙሾ ነው፦ ወገኖቻችን ተበደሉ፣ ተዋረዱ። ሙሾው ሐሰት አይደለም፤ ግን የወጣቶቹን ክርክር ይሸፍነዋል። «ወላጆች አንገታቸውን ደፉ፣ ልጆች ቀና አሉ» የሚለው የተለመደ ትረካም ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ይዟል። በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል የገቡት ወላጆች በ1985 የአይሁድነታቸውን ጥያቄ ይዘው ኢየሩሳሌም በሚገኘው ዋና የራቢዎች ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ለሳምንታት ተቀምጠዋል። ልዩነቱ በጥያቄው ነው። ወላጆች «አይሁድ ነን፣ እመኑን» አሉ፤ ልጆቹ «ዜጋ ነን፣ ጥቁር ስለሆንን አትለዩን» አሉ።

ይህን የመብት ቋንቋ ለልጆቹ ያስተማራቸው ራሱ ትምህርት ቤቱ ነው። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ከመጡት ታዳጊዎች አብዛኞቹ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ የብዙዎቹ ስም ወደ ዕብራይስጥ ተለወጠ፤ ዕብራይስጡ ለወላጆች ሲከብድ ልጅ አስተርጓሚ ሆነ። የቤቱ ሥልጣን ተናጋ። በአንጻሩ ሕጉን፣ ፖለቲካውን፣ የጋዜጣውን አነጋገር የሚያውቅ ትውልድ ወጣ። በጥር 1996 ከኢትዮጵያውያን የተለገሰ ደም በኤች አይ ቪ ስጋት በድብቅ ሲጣል መቆየቱ በተገለጠ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለተቃውሞ ወጡ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ተለሳልሶ እንዲታለፍ ማድረግ አልተቻለም።

በእኔ ግምት ትልቁ ሐሳብ የታየው በ2012 ነው። በኪርያት ማላኪ ከተማ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው ተሰምቶ ወጣቶች አደባባይ ሲወጡ፣ የስደተኞች ቅበላ ሚኒስትሯ ሶፋ ላንድቨር ላገኙት ነገር አመስጋኝ ይሁኑ የሚል ይዘት ያለው ንግግር አደረጉ። ምስጋና መጠየቅ ማለት የተሰጠውን ሁሉ ውለታ ማድረግ ነው፤ ውለታ የተዋለለት ደግሞ አይከራከርም። ወጣቶቹ የነቀሉት ይህን መሠረት ነው። በሚያዝያ 2015 ዩኒፎርም የለበሰው ትውልደ ኢትዮጵያ ወታደር ደማስ ፓካዳ በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ተቀረጸ፤ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ ተናወጡ። በ2016 መንግሥት ያቋቋመው የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርት ተቋማዊ መድልዎ መኖሩን በመንግሥት ስም አመነ። ሆኖም በሰኔ 2019 የ18 ዓመቱ ትውልደ ኢትዮጵያ ሰለሞን ተካ በፖሊስ ጥይት ሞተ። መድልዎው መኖሩ መታመኑ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ ከዚህ ይታያል።

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ ሆኜ ነው። ፋብሪካዎቹ ከየአቅጣጫው ሠራተኛ የሳቡበት ክፍለ ከተማ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ የደቡብ፣ የምዕራብና የሰሜን ልጅ አብሮ ይቀመጣል። እዚህ በመንግሥት እጅ የተለየ ክፍል የለም፤ ማነጻጸሩን እስከዚያ አልገፋውም። ነገር ግን ጠቆር ያለን ልጅ «ባሪያ» ብሎ መጥራት በትምህርት ቤቶቻችን ግቢ እንደ ቀልድ ይታለፋል፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ቢሆንም። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኛ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከዜጋ እኩል መብት ሰጥቷል፤ ከዕረፍት ሰዓት ስድብ ግን በራሱ አይጠብቀውም።

ስለ ፔታህ ቲክቫ ያለቀስን ሁሉ እዚህ የምንሠራው አለን። የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና የየትምህርት ቤቱ የወላጅ መምህር ኅብረት ስድቡን በስሙ ጠርቶ የሚከለክል፣ አቤቱታውም ከተማሪው ከራሱ የሚሰማበት ደንብ ያውጡ።