ሁለት ቃል፣ አንድ ግስ

ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ውስጥ 9ኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ሒሳቡንም ባዮሎጂውንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ረጃጅሙን ቃል መዝገበ ቃላት ይፈታለታል። የሚያስቸግሩት አጫጭሮቹ ናቸው፤ አፕ፣ ኦፍ፣ አውት። ‹ብሬክ› ሰበረ ነው። ‹ብሬክ ዳውን› ግን መኪና ተበላሽቶ ሲቆም፣ ‹ብሬክ ኢን› ሌባ ሰብሮ ሲገባ፣ ‹ብሬክ አውት› እሳት ወይም ጦርነት ሲነሣ ነው። ግሱ ያው ነው፤ ትርጉሙን ያዞረችው ቅጥያዋ ናት።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ‹ተርን ኦፍ› ማጥፋት ነው። ድርጊቱ ሲያልፍ ‹ተርንድ ኦፍ›፣ ሲቀጥል ‹ተርኒንግ ኦፍ› ይሆናል። ጊዜ የሚለውጠው የፊተኛውን ብቻ ነው፤ ‹ኦፍ› አይነካም። የሚጠፋው መብራት ከኋላም ከመሐልም ይገባል፤ ‹ተርን ኦፍ ዘ ላይት›፣ ‹ተርን ዘ ላይት ኦፍ›። መብራቱ በ‹ኢት› ሲተካ ግን ቦታው መሐል ብቻ ነው፤ ‹ተርን ኢት ኦፍ›። መንከባከብ የሆነው ‹ሉክ አፍተር› ደግሞ ተሳቢን መሐሉ አያስገባም፤ ሁልጊዜ ‹ሉክ አፍተር ኢት› ነው።

ይህ መጋጠሚያ ለኛ እንግዳ አይደለም። ብድግ አልኩ፣ ብድግ አለች፣ ብድግ ይላሉ። የማይለወጠው ከፊት ነው፤ የሚረባው ከኋላ። የእንግሊዝኛው ተገላቢጦሽ። መሐሉም ጠባብ ክፍተት አለው፤ ‹ብድግ እንኳ አላለም›። ከወልቂጤ አለፍ ብሎ እምድብር ላይ በሚነገረው ቸሃ የ‹አለ›ን ቦታ ‹ባረ› ይይዛል።

የአማርኛው መጋጠሚያ የድርጊቱን ልክም ይለያል። ‹ሰበር አደረገ› ጥቂት ነው፤ ‹ስብር አደረገ› ጨርሶ ነው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧል። እንግሊዝኛ ማለቅን በ‹አፕ› ያመለክታል፤ ‹ድሪንክ› ጠጣ፣ ‹ድሪንክ አፕ› ጨልጦ ጠጣ።

እንቅስቃሴ ላይ ሥራው ይከፋፈላል። ‹ሮጦ ወጣ› ስንል አኳኋኑን ‹ሮጦ›፣ አቅጣጫውን ‹ወጣ› ይሸከማል። እንግሊዝኛ መሮጡን ለግሱ ሰጥቶ አቅጣጫውን ለቅጥያዋ ይተዋል። ከቤት ሮጦ የወጣ ‹ራን አውት› ነው፤ ዳገቱን ሮጦ የወጣ ‹ራን አፕ›። የኛ ‹ወጣ› ሁለቱንም ያሟላል፤ እንግሊዝኛው ግን ወደ ውጭ ይሁን ወደ ላይ ሳይጠይቅ አያልፍም።

ስለዚህ ተማሪው ደብተሩ ላይ ‹ተርን ኦፍ› ብሎ ከሚመዘግብ ‹ተርን ኢት ኦፍ› ብሎ ቢመዘግብ ይሻለዋል። ከትርጉሙ ጋር የተሳቢውንም ቦታ አብሮ ይይዛል።