አምስት ስምና አንድ ጥገኛ ሐረግ፦ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2

ሕገ መንግሥትን እንደ ድርሰት መተቸት ብዙም አልተለመደም። በ1995 ተሻሽሎ የወጣው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት ግን ይህን ንባብ ይጋብዛል። አወቃቀሩ በአመዛኙ የፌዴራሉን ይከተላል፤ ቋንቋውም ደረቅ የሕግ አማርኛ ነው። የራሱን ድምፅ የምንሰማው አንቀጽ 2 ላይ ነው።

አንቀጹ ለሌሎች ነዋሪ ሕዝቦች በአንድ ጥገኛ ሐረግ እውቅና ሰጥቶ ሲያበቃ፣ የክልሉ ባለቤቶች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ መሆናቸውን ይደነግጋል። የዚህ ድንጋጌ ክብደት ሊካድ አይገባም። በባሪያ ፍንገላ ዘመን እንደ ሸቀጥ የተነዱ ሕዝቦች በየስማቸው ተጠርተው የሥልጣን ምንጭ ሆነዋል። በቁጥር እጅግ አነስተኛ የሆኑት ማኦና ኮሞ ከበርታ እኩል መሰለፋቸው የሰነዱ ምርጥ ውሳኔ ነው።

ጉድለቱ አገባቡ ላይ ነው። በጥገኛው ሐረግ ውስጥ የተጨመቀው ሕዝብ ጥቂት አይደለም፤ በ1999ኙ ቆጠራ አማራው 21፣ ኦሮሞው 13 በመቶ ገደማ ነበር። በደርግ ዘመን ከወሎ ተነሥተው አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ ሰዎች ልጆች እዚያው ተወልደዋል፤ አንቀጹ ግን በስማቸው አይጠራቸውም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው፤ ምጸቱን አርቃቂዎቹ ያሰቡት አይመስለኝም። የሌሎቹ ነዋሪዎች መብት ጥያቄ ግን ለአርቃቂዎቹ እንግዳ አልነበረም። በ1992ቱ ምርጫ የአካባቢውን ቋንቋ አይችሉም ተብለው የታገዱ እጩዎች ጉዳይ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሷል።

ታዲያ ያረጀውን ሐረግ ማን ይሰርዘው? በአገራችን ሕዝብ ድምፅ የሰጠበት ሕገ መንግሥት የ1979ኙ ብቻ ነው፤ እሱም በአንድ ፓርቲ ጥላ ሥር። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 104 የማሻሻያ ሐሳብ ለሕዝብ እንዲቀርብ ያዛል፤ በአንቀጽ 105 ግን ማጽደቁን ለምክር ቤቶች ይተዋል። ሲዳማ በ2012 ክልል ለመሆን በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጥቷል፤ አንቀጽ ለመሰረዝ ግን ድምፅ የመስጠት ልምድ የለንም። የአሜሪካዋ አላባማ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2022 የ1901 ሕገ መንግሥቷን የዘረኝነት ቅሪቶች በሕዝብ ድምፅ አስወግዳለች።

ይህን መንገድ እንዳለ መቅዳት ግን አደገኛ ነው፤ አሶሳ ላይ ተራ አብላጫ ድምፅ ማኦንና ኮሞን ሊውጥ ይችላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ባለ ሁለት ቁልፍ ድምፅ ነው፦ የመላው ነዋሪ አብላጫ፣ በተጨማሪም የእያንዳንዱ የአምስቱ ሕዝቦች አብላጫ። አምስቱ ስሞች ባሉበት ይቆዩ፤ ሌላው ነዋሪም ከጥገኛው ሐረግ ወጥቶ በራሱ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ።